እዝባር

አጎቴ ኤንዴል የአኮርዲዮን ሐኪም ነው፤
የታፈነውን ድምፅ በጣቱ የሚያድነው።
ከርድላ ከተማ፣ ከባሕሩ ዳርቻ፣
ሱቁ አንዲት ክፍል ናት፤ መስኮቷም አንድ ብቻ።
ሂዩማ ደሴት ላይ በረዶ ሲበረታ፣
"ድረ ገጽ ልሥራልህ" አልኩት አንድ ማታ።
"ለማን?" አለኝ ኤንዴል። "ለማያውቅህ ጌታ!"
ሳቀና፣ "ታርሞ" አለኝ፣ "እንግዲህስ በርታ።"

በእጄ ነው የጻፍኩት፣ ገጹን አንድ በአንድ፤
ከኋላው ሞተር የለም፣ የሚያጓራ፣ የሚነድ፤
ለጠየቀው ሁሉ ያንኑ የሚሰጥ፣
ትናንት የተጻፈ፣ ዛሬም የማይለወጥ፤
ቋሚ ገጽ ይሉታል፤ እንደ ቆመ ድንጋይ
ሌሊትም ሆነ ቀን ያው ፊቱ የሚታይ።

አርባ ሁለት ገጽ፣ ለአርባ ሁለት ሕመም፦
ወናፉ ሲቀደድ፣ የብረት ምላሱ ሲደክም...
ርእሱን ለየብቻ፣ ሥዕሉን በቃላት፣
ዐይን ለሌለው አንባቢ ገለጽኩለት በትጋት።
ባለ ሁለት አድራሻ ሆኖ ያገኘሁትን ገጽ
ቀኖና ጻፍኩለት፣ በአንድ ስም እንዲገለጽ።
ካርታም አዘጋጀሁ፣ ከበር እስከ ጓዳ፣
የመጣው እንዳይጠፋ፣ እንዳይሆን እንግዳ።

አንድ በረዶ ቀለጠ። ሁለት። ሦስተኛው መጣ።
ከግድግዳው ስልክ ግን አንድ ቃል አልወጣ።
በሁለተኛው ላይ የሥራ ጠረጴዛውን ሸጠ፤
"ዘመኑ አለፈ" አለ፤ ወደ እሳቱ ዞሮ ተቀመጠ።
እኔ ዓለምን አማሁ፤ ደንቆሮ ነው አልኩት፤
ትልልቁን ሱቅ፣ ጩኸቱን ወቀስኩት።

በየካቲት አንድ ሌሊት፣ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ፣
የሰርቨሩን መዝገብ ከፈትኩ፤ መዝገቡም ነገረኝ።
የመፈለጊያው ሸረሪት መጥታለች። ሌሊት ሌሊት መጥታ፣
ከደጅ የለጠፍኳትን ትንሿን ፋይል አይታ፣
እግሯን ሳታሳርፍ፣ ሳትከራከር፣ ሳትቆጣ፣
እንደ ጨዋ እንግዳ ተመልሳለች በዝምታ።

ፋይሏን ከፈትኳት። ሁለት መስመር።
"ለመጣ ሁሉ" ይላል አንደኛው።
ሁለተኛው "አይገባም" ይልና፣
ከጎኑ
አንድ እዝባር፦

/

እዝባር ምንድን ናት? የዘመመች ጭረት፣
ቀኑን ከወሩ የምንለይባት፣ የቀለም ቅንጣት።
እዚህ ግን ትርጉሟ "ከመሠረት እስከ ጣሪያ" ነው፤
አርባ ሁለቱን በር በአንድ ምት ነው የዘጋችው።

የጻፍኳት እኔው ነኝ። በግንባታው ሰሞን፣
ግድግዳው ሳይለሰን፣ ሰው አይቶ እንዳይስቅብን፣
"ነገ አነሣታለሁ" ብዬ። ነገ ግን ሰፊ አገር ነው፤
ሦስት ዓመት ተጉዤ ዳሩን ያላየሁት ነው።

"ድር ቢያብር" ይላሉ፣ "አንበሳ ያስራል"፤
ድሩ ያልነካውን ሰው ማን አለ ብሎ ያምናል?

አንድ ቁልፍ ተጫንኩ። ጠፋች። ድምፅ አላሰማችም።
የበላችው ሦስት ዓመት ግን አብሯት አልጠፋም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ስልኩ ጮኸ፤ ከክላይፔዳ ነው፤
ዳንጉዎሌ የምትባል ሴት፦ "አኮርዲዮኔን ማን ያድነው?
አንዱ ምላስ ደክሟል፤ ሲነኩት ይቃትታል፤
ይህን ሕመም ያወቀ ከእናንተ ዘንድ ይገኛል?"

ኤንዴል ስልኩን ይዞ ቆመ፣ ጠረጴዛው የነበረበትን እያየ፤
አራት የእግር ምልክት ቀርቷል ወለሉ ላይ፣ ቀለሙ የተለየ።
ከዚያ በለሆሳስ፣ ለሷ ሳይሆን
ለባሕሩ እንደሚናገር ሰው፣
"እስከ ዛሬ" አለ፣ "የት ነበራችሁ?"

እኔ ጥጉ ጋ ነኝ። አቀርቅሬያለሁ።
ከሰባት ቁጥር በላይ፣ በጣቴ ሥር፣
እዝባሯ አለች፣
እንደ ወትሮዋ ዘመም ብላ።